ስለ አሮጌ የፎቶግራፍ ካሜራ ዋጋና ግምት

ከአባት ከአያት የወረደ ዕቃ በየቤቱ አለ። ጋሻው፥ ጎራዴው፥ የብሩ ዋንጫ፥ የብራናው መጽሐፍ ስንት እንደሚያወጣ ባለቤቱ ባያውቅ እንኳ ክቡር ዕቃ መሆኑን ያውቃልና በክብር ያስቀምጠዋል። የፎቶግራፍ ካሜራ ግን ይህ ዕድል አልደረሰውም። በቆዳ ማኅደሩ እንደ ተከተተ ከቁም ሣጥን ሥር ይጣላል፤ ቤት በሚጸዳበት ቀንም «ቁራሌ» እያለ በየሰፈሩ ለሚዞረው ሰው ከአሮጌ ጫማና ከተበሳ ድስት ጋራ ይሰጣል። ወይም ደግሞ ነገሩ ተገላብጦ፥ የቤቱ ልጆች አንድ ወሬ ሰምተው ብዙ ሚሊዮን ያወጣል ብለው ይጣሉበታል። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁና ስለዚህ ነገር ጥቂት ለመጻፍ ወደድሁ።

በሥራዬ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። የሟች ንብረት ሲቈጠር ገማቾች የሚናገሩትን በመዝገብ ማስፈር ከሥራዬ አንዱ ነው። በነዚህ መዝገቦች ውስጥ «አሮጌ ካሜራ፥ አንድ፥ የማይሠራ» ተብሎ ከአሮጌ ሬዲዮና ከእጅ ፋኖስ መካከል የተጻፈ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ገማቹ ቤትና መሬት ያውቃል፤ መኪና ያውቃል፤ ወርቅም ቢሆን ወደ አንጥረኛ ልኮ ያስመዝናል። ካሜራን ግን የሚያውቅ የለምና እጁ የመራውን ቍጥር ጽፎ ያልፋል።

እኔ ይህን ዕቃ መውደድ የጀመርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። አንድ መምህር ጥቁር የሣጥን ካሜራ ነበራቸው፤ የእንግሊዝኛ ንባብም ያስተማሩኝ ከዚያ ካሜራ ጋራ በመጣው የአጠቃቀም ወረቀት ነው። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፥ ዕቃን መርምሮ መገመትን የተማርሁት ከዚያ በፊት በቄስ ትምህርት ቤት ነው። የኔታ የብራና መጽሐፍ ሲመጣላቸው አስቀድመው ጽሕፈቱን አያነቡም ነበር። ብራናውን በጣታቸው ዳስሰው፥ ስፌቱን ገልጠው፥ ገበታው ተለውጦ እንደ ሆነ፥ ቅጠል ተቀዶለት እንደ ሆነ፥ ስም ተፍቆ ሌላ ስም ተጽፎበት እንደ ሆነ ይመረምሩ ነበር። የካሜራም ምርመራ ከዚህ ብዙ አይለይም።

በዚህ ጽሑፍ የምናገረው በጥቅል ፊልም ስለሚሠራው ካሜራ ነው፤ ዓመቶቹንም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጽፌአቸዋለሁ። ከጥቅል ፊልም በፊት ፎቶግራፍ የሚነሣው በመስተዋት ሰሌዳ ላይ ነበርና አንሺው ከባድ ሣጥን፥ ሦስት እግር ያለው ማቆሚያና ብዙ ሰሌዳ አሸክሞ ይሄድ ነበር። በ1888 በአሜሪካ አገር በሮቸስተር ከተማ ጆርጅ ኢስትማን የተባለ ሰው ኮዳክ ብሎ የሰየመውን ካሜራ አወጣ። ዋጋው 25 ዶላር ሲሆን በውስጡ መቶ ሥዕል የሚወጣበት ጥቅል ነበረበት። መቶው ሲያልቅ ባለቤቱ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልከዋል፤ ፋብሪካውም 10 ዶላር ተቀብሎ ሥዕሉን አጥቦና አትሞ፥ አዲስ ጥቅል አጕርሶ ይመልስለታል። ከዚያም በ1900 ይኸው ፋብሪካ ብራውኒ የሚባለውን፥ ከካርቶን የተሠራውን ቀላል ሣጥን በአንድ ዶላር ለገበያ አቀረበ፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ150 ሺህ የሚበልጥ ወጣ።

እንግዲህ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መቶ ዓመት የሆነው ዕቃ ሁሉ ውድ ይመስለዋል። ከ1912 እስከ 1926 የተሠራው ቬስት ፖኬት ኮዳክ የሚባለው፥ ታጥፎ ከሰደርያ ኪስ የሚገባው ካሜራ ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ወታደሮች ስለ ያዙት የወታደር ካሜራ ተብሎ ነበር። ነገር ግን የተሠራው ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ስለ ሆነ ዛሬም በየአገሩ ገበያ በቀላሉ ይገኛል፤ የሚገኝም ዕቃ አይወደድም። በአንጻሩ ይኸው ኮዳክ በ1938 ሱፐር ሲክስ ትዌንቲ የሚባል ካሜራ አውጥቶ ነበር። የብርሃኑን መጠን ራሱ ለክቶ የሚያስተካክል የመጀመሪያው ካሜራ እርሱ ነው። በዚያን ጊዜ 225 ዶላር ስለ ተጠየቀበት ገዢ አጣ፤ በጠቅላላው የተሠራው 719 ብቻ እንደ ሆነ ይነገራል። መሣሪያው ቶሎ የሚበላሽ ነው፤ ዛሬ የሚገኘውም አብዛኛው አይሠራም። ሆኖም ሰብሳቢዎች የማይሠራውን ሱፐር ሲክስ ትዌንቲ ከሚሠራው ቬስት ፖኬት እጅግ አብልጠው ይገዙታል። መሥራቱ ለአንሺ እንጂ ለሰብሳቢ ዋና ነገር አይደለም።

አንዳንድ ጊዜም ልዩነቱ በቀለም ብቻ ይሆናል። ዋልተር ዶርዊን ቲግ የተባለው ታዋቂ የዕቃ ቅርጽ ነዳፊ በ1930 ለኮዳክ ያወጣው ቦ ብራውኒ የሚባል የሣጥን ካሜራ አለ፤ የፊቱ ገበታ በሁለት ዓይነት ቀለም አጊጦ የተሠራ ነው። ጥቁሩ በብዛት ይገኛል፤ የጽጌረዳ መልክ ያለው ግን ብርቅ ስለ ሆነ በብዙ ይበልጠዋል። በውስጣቸው ያለው መሣሪያ ግን አንድ ነው። እኔ በግሌ ለቀለም ብቻ ይህን ያህል መክፈል አይገባኝም፤ ሰብሳቢ ግን እንደ እኔ አያስብም፥ ገበያውም የእርሱ ነው።

ሁለተኛው መመርመሪያ የፊልሙ ቍጥር ነው። ኮዳክ ለየካሜራው መጠን የተለያየ ጥቅል እየሠራ በቍጥር ይጠራው ነበር። 122 የሚባለው፥ የፖስታ ካርድ ያህል ሰፊ ሥዕል የሚሰጠው ጥቅል በ1971 ቀረ፤ 116 በ1984፥ 620 ደግሞ በ1995 ከኮዳክ ፋብሪካ መውጣቱን አቆመ። በ1901 የወጣው 120 ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል። ስለዚህ 120 የሚጐርሰው ካሜራ ሁለት ዓይነት ገዢ አለው፤ አንደኛው ሰብሳቢው ሲሆን ሁለተኛው ዛሬም ፎቶግራፍ ሊያነሣበት የሚፈልገው ነው። ሁለት ገዢ ያለው ዕቃ ዋጋው እንደማይወድቅ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። በ1929 በጀርመን አገር በብራውንሽቫይክ ከተማ መሠራት የጀመረው፥ ሁለት ዓይን ያለው ሮለይፍሌክስ ዋጋውን ጠብቆ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። 620 የሚለውን ያየ ሰውም ቶሎ ተስፋ አይቍረጥ፤ ፊልሙ ከ120 ጋራ አንድ ሆኖ ልዩነቱ የማጠንጠኛው ቅጥነት ብቻ ስለ ሆነ፥ በጨለማ ወደ ቀጭኑ ማጠንጠኛ አዙሮ መጠቀም ይቻላል።

ሦስተኛው የካሜራው ዓይን፥ ይኸውም ሌንሱ ነው። በፊቱ ዙሪያ የተቀረጸውን ስም ማንበብ ያስፈልጋል። ምሳሌ ልስጥ። አግፋ የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ በ1950ዎቹ በሙኒክ ከተማ የሠራው ኢዞሌት የሚባል ታጣፊ ካሜራ አለ። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም እኩል ይመስላሉ። ነገር ግን አንዳንዱ አግናር ወይም አፖታር የሚባል በሦስት ብርጭቆ የተሠራ ሌንስ፥ አንዳንዱ ደግሞ ሶሊናር የሚባል ባለ አራት ብርጭቆ ሌንስ አለው። መዝጊያውም፥ ማለት ብርሃኑን ለቅጽበት አስገብቶ የሚዘጋው መሣሪያ፥ ቫሪዮ የተባለው ተራው ወይም ሲንክሮ ኮምፑር የተባለው የተሻለው ሊሆን ይችላል። ሶሊናርና ሲንክሮ ኮምፑር የተገናኙበት ካሜራ አግናርና ቫሪዮ ካለው በግልጥ ይበልጣል። ሁለቱንም «አሮጌ አግፋ፥ አንድ» ብሎ መመዝገብ፥ በቅሎንና አህያን «የጭነት ከብት» ብሎ በአንድ ዋጋ እንደ መገመት ነው።

ስለ ጤንነቱ ምርመራ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ታጣፊ ካሜራ በፊትና በኋላው መካከል እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚዘረጋ የተጣጠፈ ቆዳ ወይም ጨርቅ አለው። ፊልም የሌለበትን ካሜራ በጨለማ ክፍል ውስጥ ከፍቶ፥ ትንሽ የእጅ ባትሪ ወደ ወናፉ አስገብቶ በውጭ በኩል መመልከት ነው። እንደ ሰማይ ኮከብ ብልጭ ብልጭ የሚል ነጥብ ከታየ በመታጠፊያው ማዕዘን ተበስቷል ማለት ነው። በዚህ በኩል የአግፋ ወናፍ የታወቀ ደካማ ነው። በዚያው ፋብሪካ ዕቃ ላይ ሌላም ጉድለት አለ፤ የሌንሱ መዞሪያ የተቀባበት ግራሶ በዘመን ብዛት አረንጓዴ ሆኖ እንደ ሙጫ ስለሚደርቅ ሌንሱ አልዞርም ይላል። ይህ ሁሉ በባለሙያ እጅ የሚድን በሽታ ነውና ዋጋ ይቀንሳል እንጂ ካሜራውን አይገድለውም። በሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የሚታየው ሻጋታ ግን ብርጭቆውን ራሱን ይበላዋልና ከሁሉ ይከፋል። መዝጊያውንም በአንድ ሴኮንድ ላይ አድርጎ መሞከር ነው፤ ተከፍቶ የሚቀር ወይም የሚንቀራፈፍ ከሆነ መጽዳት ያስፈልገዋል። በቤት ያለውን የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ማድረግ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ዘይቱ በስስ ቅጠሎቹ ላይ ተሰራጭቶ ያጣብቃቸዋል።

ደግሞም ዕቃውን አሳምራለሁ ብሎ ናሱን በአሸዋና በሎሚ መፈግፈግ፥ የተላጠውን ቆዳ አንሥቶ አዲስ መለጠፍ ለገበያ አይረዳም። ሰብሳቢ የሚፈልገው ከፋብሪካው የወጣውን እንጂ ትናንት የታደሰውን አይደለም። ማኅደሩ፥ የካርቶን ሣጥኑ፥ የአጠቃቀም ወረቀቱ፥ የተገዛበት ደረሰኝ ቢገኝ አብሮ ይቀመጥ፤ የብዙ ካሜራ ሣጥን ከካሜራው ይልቅ ብርቅ ነውና።

ዋጋ ሲጠየቅ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስሕተት ሻጮች የጠየቁትን እንጂ ገዢዎች የከፈሉትን አለማየቱ ነው። ሻጭ የፈለገውን መጠየቅ ይችላል፤ አፍ ዳኛ የለውም። የሚታመነው በሐራጅ ተሸጦ የተመዘገበው ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ የሐራጁ ቤት ድርሻ፥ የመላኪያውና የቀረጡ ገንዘብ ይቀነሳል። በሰኔ ወር 2022 በቪየና ከተማ አንድ ላይካ ካሜራ በ14.4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጦ ወሬው በዓለም ሁሉ ተሰማ። ያ ካሜራ ግን በመጀመሪያ በጥቅል ፊልም የሚሠራ አይደለም፤ በሲኒማ ፊልም የሚሠራ ነው። ሁለተኛም ለሙከራ ከተሠሩት ጥቂቶች አንዱና የፈጣሪው የኦስካር ባርናክ የራሱ ንብረት የነበረ ነው። ወሬው ሲዛመት ግን ይህ ሁሉ ወድቆ ቍጥሩ ብቻ ይተርፋል። ስለ ላይካ ከተነሣ፥ በሶቪየት አገር የተሠሩት ፌድና ዞርኪ የሚባሉት ካሜራዎች ስማቸው ተፍቆ ላይካ ተብሎ ተቀርጾባቸው በብዛት እንደሚሸጡም ማወቅ ይጠቅማል። የኔታ ቢያዩት ኖሮ ገና ከሩቅ ይለዩት ነበር።

ይኸው የቪየናው ወሬ በሰፈራችን አንድ ቤት ገብቶ ነበር። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ አንድ ወንድምና እኅት አሉ። አባታቸው በወጣትነታቸው በጀርመን አገር ተምረው የተመለሱ፥ ብዙ ዘመን መንግሥትን ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ በሸመገሉም ጊዜ ዐረፉ። ቤቱንና መሬቱን ልጆቻቸው በስምምነት ተካፈሉት። የቀረው አንድ ካሜራ ነበር። ወንድምየው የቪየናውን ወሬ ከልጃቸው ስልክ ሰምተው ነበርና ይሸጥና እንካፈል አሉ። እኅትየዋ ደግሞ የአባቴ እጅ የነካው ነው፥ አይሸጥም አሉ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ ጠበቃ እስከ መፈለግ ደረሱ። አንድ ገዢም በመካከል ገብቶ ጀርባውን ከፍቼ ውስጡን ካላየሁ ዋጋ አልነግራችሁም ይል ነበር።

በእሑድ ቀን ካሜራውን ይዘው ከቤቴ መጡ። እኔም ጉዳዩ በፍርድ ቤት ያልቀረበ መሆኑን አረጋግጬ ተቀበልኋቸው። ማኅደሩን ስፈታ ኢዞሌት ሆኖ አገኘሁት፤ በሌንሱም ላይ አፖታር የሚል ተጽፏል። ከብዙ በብዙ የተሠራ፥ ደኅና ግን ተራ ዕቃ ነው። «ጋሼ፥ ይህን ለመካሰስ የምትከፍሉት የዳኝነት ገንዘብና የጠበቃ ዋጋ ካሜራው ከሚያወጣው ብዙ እጥፍ ነው» አልኋቸው። ወንድምየው ደስ አላላቸውም። «አንተ የፍርድ ቤት ሰው ስለ ሆንህ ሰው እንዳይካሰስ ትፈልጋለህ» ብለው ቀለዱ፤ ቀልዱ ግን ከልብ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ካሜራውን ገልብጬ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ቀይ መስኮት ተመለከትሁ። በመስኮቲቱ ውስጥ 9 የሚል ቍጥር ይታይ ነበር። ይህ ካሜራ በአንድ ጥቅል ዐሥራ ሁለት ሥዕል የሚያነሣ ነው። እንግዲህ ሽማግሌው ዘጠነኛውን አንሥተው ወይም ሊያነሡ ሲሉ ትተውታል፤ ፊልሙም ሳይታጠብ በውስጡ አለ ማለት ነው። ያ ገዢ ጀርባውን ከፍቶ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በዚያች ቅጽበት ይጠፋ ነበር።

ይህን ስነግራቸው ክርክሩ ዝም አለ። በፊልም ላይ ብርሃን ሲያርፍ በብሩ ጨው ላይ ለዓይን የማይታይ ምልክት ይተዋል፤ በመድኃኒት እስኪታጠብ ድረስም እንደ ተደበቀ ይኖራል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደሚባለው ፊልምም እንደዚሁ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ግን ያደበዝዙታል። ጆርጅ ማሎሪና አንድሩ ኧርቪን የተባሉ እንግሊዞች በ1924 ወደ ኤቨረስት ተራራ ሲወጡ ይዘውት ነበር የሚባለው ካሜራ ከላይ ያነሣሁት ተራ ቬስት ፖኬት ነው። የማሎሪ አስከሬን በ1999 ሲገኝ ካሜራው አብሮት አልነበረም። ቢገኝ ግን ከጫፍ ደርሰው እንደ ሆነ የሚመሰክረው ፊልሙ ነውና፥ ለካሜራው ሳይሆን ለዚያ ጥቅል ዋጋ የሚያወጣለት ሰው ባልተገኘ ነበር። ይህንንም ነገርኋቸው።

እኅትየዋ ወደ ወንድማቸው ዞረው፥ «ወንድም ጋሼ፥ ካሜራውን ውሰደው፤ ውስጡ ያለውን ግን ለእኔ ተውልኝ» አሉ። ወንድምየውም ጥቂት ቆይተው፥ «እስቲ መጀመሪያ ይታይ» ብለው መለሱ።

በዚያው ሌሊት በሮቹንና መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፍኜ፥ በጨለማ ካሜራውን ሳልዘረጋ የቀረውን ፊልም እስከ መጨረሻው አጠነጠንሁት። ሳልዘረጋ ያልሁበትም ምክንያት ወናፉ ተበስቶ እንደ ሆነ በቀዳዳው የሚገባው ብርሃን ከወናፉ ፊት ያለውን ሥዕል እንዳያጠፋው ነው። ቀደም ብለው የተነሡት ግን በማጠንጠኛው ላይ በጥቁሩ ወረቀት ተጠቅልለው ተጠብቀዋል። ጥቅሉንም በፒያሳ አካባቢ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ለወጡ፥ የማጠቢያ ዕቃቸውን ግን ላልጣሉ አንድ የፎቶግራፍ ሽማግሌ ሰጠሁ። እርሳቸውም ከጫፉ ጥቂት ቈርጠው አስቀድመው ከሞከሩ በኋላ አጠቡት።

ከዘጠኙ አራቱ ወጡ። ሁለቱ ጭጋግ የለበሱ የቤት አጥርና ዛፍ ናቸው። በሦስተኛው አንዲት ነጠላ የለበሱ ወጣት ሴት በደጃፍ ቆመው ሕፃን ታቅፈዋል። በአራተኛውም እኚያው ሴት ብቻቸውን ናቸው፤ ፀሓይዋ ከአንሺው ኋላ ስለ ነበረች የአንሺው ጥላ ረዝሞ እስከ እግራቸው ደርሷል፤ ባርኔጣውና ሁለቱ ክንዶቹ ሳይቀሩ ይለያሉ። ሕፃኑ ዛሬ ሽበት ያላቸው ወንድምየው ናቸው። ሴቲቱ እናታቸው ናቸው፤ እኅትየዋ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ያረፉ። እኅትየዋ የእናታቸውን መልክ ያወቁት ለመታወቂያ ከተነሣች አንዲት ትንሽ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር።

ወንድምየው ሥዕሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። ስለ መሸጥ ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቅጂ እንዲታተም ብቻ ጠየቁ፤ ጥላው ያለበትን ደግሞ ሰፋ አድርገው ለየብቻ አሳተሙ። ካሜራው ከእኅትየዋ ዘንድ ሆነ። ወረቀት መጻፍ ሥራዬ ነውና የስምምነታቸውንም ወረቀት እኔው ጻፍሁላቸው። ካሜራውን በዋጋው ገምቼ አሰፈርሁ፤ ፊልሙን ደግሞ በሌላ ተራ ቍጥር ለብቻው ጻፍሁና ከግምቱ ዓምድ ላይ «የጋራ» ብዬ አለፍሁት።

በቤቱ አሮጌ ካሜራ ያለው ሰው እንግዲህ አስቀድሞ ቀይዋን መስኮት ይመልከት። ቍጥር ወይም የወረቀት ምልክት ከታየበት ጀርባውን ሳይከፍት ለሚያውቅ ሰው ይስጥ። ፊልም የሌለበት ከሆነ ግን ወናፉን፥ መዝጊያውንና ሌንሱን እንዳልሁት ይመርምር። ሲያስቀምጠውም ከቆዳ ማኅደሩ አውጥቶ ይሁን፤ ቆዳ እርጥበት ይስባልና በክረምት ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ነፋስ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ፥ ከወጥ ቤት እንፋሎት ርቆ ቢቀመጥ ይበቃዋል፤ ማኅደሩም ከአጠገቡ ይቀመጥ።